ጥያቄ ከደሴ፦ ኮራሎቼ ከሥር እየነጡ ነው፤ መብራቱ ነው ወይስ ብርዱ?

«ደሴ ነው የምኖረው። 200 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም ካቋቋምኩ ዓመት ሊሞላው ነው። ለስላሳዎቹ ዞአንቲድና መሽሩም ኮራሎቼ ደህና ናቸው። ጠንካራዎቹ፣ ሞንቲፖራውና መዶሻ ኮራሉ፣ ግን ከሥራቸው ጀምሮ እየነጡ፣ ንጣቱም ወደ ላይ እየወጣ ነው። የኮራል ጨው ስለተወደደብኝ ላለፈው ሁለት ወር ተኩል ግማሹን በአፍዴራ ጨው እየተካሁ በየሳምንቱ 16 ሊትር እቀይራለሁ። ውሃው የቧንቧ ነው፤ አፍልቼ አሳድሬ ነው የምጠቀመው። ስለካው የጨው መጠኑ 1.025፣ ኬኤች (የካርቦኔት ጥንካሬ) አንዴ 5.5 አንዴ 10 (ሲወርድ ማሳደጊያ ዱቄት እጨምራለሁ)፣ ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ፣ ሙቀቱ ጠዋት 21 ማታ 26 ነው። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ እንደኔው እያደረገ ለስላሳ ኮራል ብቻ ይዟል፤ ምንም አልሆነበትም። ብርዱ ነው? ከፍታው ነው? ጠንከር ያለ መብራት ልግዛ ወይስ መድኃኒት አለው?»

መብራትም መድኃኒትም አይግዙ። ገንዘቡን ለሙሉ የኮራል ጨውና ለውሃ ማጣሪያ ያውሉት። ኮራሎችዎን የጎዳው በዋናነት ጨው መቀላቀሉ ነው። ውሃውና የሙቀቱ መዋዠቅ ደግሞ ጉዳቱን አባብሰውታል።

በመጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ኮራል ነጣ ሲባል ሥጋው ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን አልጌዎች አጥቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሥጋው አለ፤ መስተዋት መስሎ አጽሙ በውስጡ ይታያል፤ ፖሊፖቹም (የኮራሉ ጥቃቅን አፎች) ይወጣሉ። ይህን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ወይም በድንገት የጠነከረ ብርሃን ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበትም ይድናል። እርስዎ የገለጹት ግን ከሥር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ድንበሩ ጥርት ያለ ንጣት ነው። እዚያ ላይ ሥጋው ተልጧል፤ የሚታየው ባዶ አጽም ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ወይም ቡናማ አልጌ ከበቀለበት ምንም ጥርጥር አይኖርም። የተላጠው ቦታ በቀላሉ መልሶ ሥጋ አይለብስም። ስለዚህ ሥራው ድንበሩን ማቆም ነው። ብርሃን መጨመር ደግሞ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ። የገበታ ጨው፣ ከአፍዴራ የሚመጣውም ጭምር፣ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ ከ19 ግራም በላይ ክሎራይድና 10.8 ግራም ገደማ ሶዲየም ቢኖረውም፣ ከዚያ ሌላ 2.7 ግራም ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ያህል ማግኒዥየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየም፣ ወደ 0.4 ግራም ፖታሲየምና ጥቂት ባይካርቦኔት አለው። ጠንካራ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየሙና ከካርቦኔቱ ነው። የእርስዎ ሃይድሮሜትር 1.025 ያነበበው ውሃው ልክ ስለሆነ አይደለም፤ መሣሪያው የሚለካው የውሃውን ክብደት ብቻ ነው። ሚዛን የኩንታሉን ክብደት እንጂ ውስጡ ጤፍ ይሁን ገብስ አይናገርም።

ሒሳቡን እንሥራ። አኳሪየሙ 200 ሊትር ቢባልም ድንጋዩ፣ አሸዋውና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ ውሃው ከ160 ሊትር ብዙ አያልፍም። 16 ሊትር ማለት እንግዲህ በሳምንት አንድ አሥረኛ ነው። በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ግማሽ ማዕድን ባለው ውሃ እየተኩ 10 ሳምንት ከሄዱ፣ 1300 ሚሊግራም በሊትር የነበረው ማግኒዥየም ወደ 870 ይወርዳል። 420 የነበረው ካልሲየምም ወደ 280 ይጠጋል። ይህ ኮራሎቹ ራሳቸው የወሰዱት ሳይቆጠር ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የለኩበት ውጤት ጥያቄው ውስጥ የለም። የሁለቱን ቴስት ኪት ዛሬውኑ ያግኙ፤ ቁጥሮቹ ከዚህ ብዙ የሚርቁ አይመስለኝም።

ማግኒዥየም ሲወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል። በባሕር ውሃ ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት ተገናኝተው ድንጋይ እንዳይሆኑ የሚያዘገየው ማግኒዥየም ነው። እሱ ሲጎድል፣ ኬኤች ለማሳደግ የሚጨምሩት ዱቄት ኮራሉ ጋ ሳይደርስ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ይረጋል። ሂተሩንና የፓምፑን ማሽከርከሪያ አውጥተው ይዩዋቸው። ነጭ ሻካራ ቅርፊት ካለባቸው ዱቄትዎ የገባው እዚያ ነው። ኬኤች 10 ደርሶ ወደ 5.5 የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእያንዳንዱ ዙር አጽም የሚገነባው ሥጋ አንዴ ይራባል፣ አንዴ ይጥለቀለቃል። ኬኤች 7.5 ላይ ቆሞ የሚኖር አኳሪየም በ6 እና በ10 መካከል ከሚወዛወዘው እጅግ የተሻለ ኮራል ያሳድጋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር የለም።

የወንድምዎ ኮራሎች ያልተጎዱትም ለዚሁ ነው። መሽሩም፣ ዞአንቲድና ሌዘር የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች የድንጋይ አጽም አይገነቡም፤ የካልሲየምና የኬኤች መዋዠቅ ቶሎ አያሳያቸውም። የእርስዎም ለስላሳዎቹ እስካሁን ደህና ናቸው። እሱም ግን የአፍዴራውን ጨው ይተው። ፖታሲየምና ሌሎቹ ማዕድናት እያለቁ ሲሄዱ ለስላሳዎቹም ይኮማተራሉ።

ብርዱና ከፍታው ድርሻ የላቸውም ማለት አይደለም። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል፤ የሌሊቱ ሙቀት ልዩነትም በቆዳ ይታወቃል። ደሴ ላይ ክፍሉ ሌሊት 13 ወይም 14 ዲግሪ ሲደርስ ውሃውን 25 ላይ ለማቆየት ሂተሩ ከ11 ዲግሪ በላይ ሊያነሣው ይገባል። በሊትር አንድ ዋት የሚለው የተለመደ ስሌት የተሠራው ለሞቀ ቤት ነው፤ ለደሴ አይበቃም። ሁለት ባለ 150 ዋት ሂተር በአንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ አያይዘው ይጠቀሙ። ለሁለት የሚከፈለው አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲደርስ፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ውሃውን ቀቅሎ እንዳይጨርሰው ነው። ጀርባውንና ሁለቱን ጎኖች በ3 ሳንቲሜትር ፎም ይሸፍኑ። ላዩን ግን አይዝጉት። ግቡ 25 ዲግሪ ነው፤ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል።

የከፍታው ነገር ኦክስጅን ላይ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በሊትር 6.8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ነው፤ ውሃውም ከ5 ሚሊግራም ብዙ አይዘልም። ቀን ኮራሉና አልጌው ኦክስጅን ስለሚያመርቱ ችግሩ አይታይም። ሌሊት ግን ሁሉም ተንፋሽ ነው። ስለዚህ ስኪመሩ (በአየር አረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው መሣሪያ) ሌሊት አይጥፋ፤ ቢያንስ አንድ ፓምፕም ወደ ላይ ዞሮ የውሃውን ፊት ያናውጥ። የፓምፖቹ ድምር በሰዓት ከ3200 እስከ 4800 ሊትር ቢያንቀሳቅስ ለያዟቸው ኮራሎች በቂ ነው። መዶሻ ኮራሉ ላይ በቀጥታ አይንፋበት፤ ሥጋው በአጽሙ ጠርዝ ይቆረጣል።

በዚሁ ላይ የከሰሉን ነገር ልጨምር። በብርድ ወቅት መስኮት ተዘግቶ ከሰል ሲነድና ቡና ሲፈላ የክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፤ የውሃው ፒኤችም ይወርዳል። ፒኤች 7.8 ሲያዩ የፒኤች ማሳደጊያ አይጨምሩ፤ ኬኤችን ያናጋዋል። ይልቅ የስኪመሩን የአየር ቱቦ አርዝመው በመስኮት ጥግ ወደ ውጭ ያውጡት። የዕጣኑንም ጭስ እንዳይስብ ያደርጋል።

ውሃን ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ኮራል የሚፈልገው ግን ይህን አይደለም። ክሎሪን ይወጣል፤ ከጥንካሬውም ከፊሉ በማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ሲሊካና መዳብ ግን በእንፋሎት አይወጡም፤ እንዲያውም ውሃው ሲቀንስ እነሱ ይወፍራሉ። እንደ ወሎ ባለ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ባለ አገር ከመሬት የሚወጣ ውሃ ሲሊካ ይሸከማል፤ መስተዋቱን በየሁለት ቀኑ የሚያለብሰው ቡናማ ሽፋን ምግቡ እሱ ነው። ሽፋኑ ናይትሬትና ፎስፌቱንም አብሮ ይበላል። ስለዚህ ሲለኩ ዜሮ ማግኘትዎ ውሃው ንጹሕ መሆኑን አያሳይም። የዝናብ ውሃም አይሁን፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ ውሃ ዚንክ ይዞ ይወርዳል፣ ዚንክ ደግሞ ኮራልንና ሽሪምፕን ይመርዛል።

የሚያስፈልግዎ አርኦ፣ ማለትም ውሃን በግፊት በስስ ሜምብሬን የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ ከኋላውም የቀሩትን ማዕድናት የሚይዝ የዲአዮናይዜሽን ሬዚን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ማጣሪያውን ከሮቶው ጋር ያገናኘውና «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ሜምብሬኑ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል። ከጣሪያ ላይ በ5 ሜትር ከፍታ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግማሽ ባር ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንግዲህ የግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ከማጣሪያው ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆንም ምርቱ ይቀንሳል፤ በ15 ዲግሪ ውሃ በፋብሪካው ከተጻፈው አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ይጠብቁ። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከ3 እስከ 4 ሊትር በሌላው ቱቦ ይወጣል። ያ ውሃ ከቧንቧው ትንሽ ወፈር ያለ እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ በበርሜል ይያዝና ለልብስ፣ ለመጸዳጃና ለወለል ይሁን። ከሬዚኑ የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ ሜትር (በውሃ የሟሟውን ማዕድን በሚለካው መሣሪያ) 0 ማንበብ አለበት። 2 ሲደርስ ሬዚኑን ይቀይሩ። ማጣሪያው እስኪገኝ ድረስ የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ ግን በእያንዳንዱ ጀሪካን ቲዲኤስ ሜትር ይንከሩ። ከ5 በላይ ካነበበ አይጠቀሙበት፤ አሲድ የገባበት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያድርጉ። ለአራት ሳምንታት በየሳምንቱ 40 ሊትር ይቀይሩ፤ ሙሉ በሙሉ በኮራል ጨው። ለ40 ሊትር ንጹሕ ውሃ ወደ 1.5 ኪሎ ጨው ይገባል፤ ለአራቱ ዙር 6 ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ጨው ሲመርጡ ኬኤቹ 8 አካባቢ የሆነውን ይፈልጉ፤ 11 እና 12 የሚሰጡት ለእርስዎ አይሆኑም። በንጹሕ ባልዲ ውስጥ በፓምፕና በሂተር ያዋህዱት፤ ውሃውን ወደ ጨው ሳይሆን ጨውን ወደ ውሃ ይጨምሩ። 25 ዲግሪ ሲሆንና የጨው መጠኑ ከአኳሪየሙ ጋር ሲመሳሰል ያስገቡት። ከአራቱ ዙር በኋላ ማግኒዥየሙ 1160፣ ካልሲየሙ 375 አካባቢ ይደርሳል፤ የቀረውን መደበኛው ለውጥ ይሞላዋል። በየቀኑ የሚተነው ውሃ የሚተካው በንጹሕ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አይደለም፤ ጨው አይተንምና። ሬፍራክቶሜትር (የጨው መጠንን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ካለዎት በባዶ ውሃ ብቻ ሳይሆን በ35 ግራም መለኪያ ፈሳሽ ያስተካክሉት።

በነዚህ ሳምንታት የኬኤች ዱቄቱን ያቁሙ። ማግኒዥየሙ 1200 ሲጠጋ ምንም ሳይጨምሩ ለሦስት ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ኬኤች ይለኩ። በቀን የሚወርደው ስንት እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል፤ የሚጨምሩትም ያንኑ ያህል ብቻ ነው። ለ160 ሊትር ኬኤችን በ1 ከፍ የሚያደርገው 4.8 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። በቀን 0.3 የሚወርድ ከሆነ 1.5 ግራም ገደማ ይበቃል። በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ አሟሙተው ፓምፑ ፊት ቀስ ብለው ያፍስሱት። በአንድ ቀን ከ0.5 በላይ አያሳድጉ። ከሱቅ የሚገዙት ቤኪንግ ሶዳ መሆን አለበት፤ ቤኪንግ ፓውደር ከሆነ ዱቄትና ብዙውን ጊዜ ፎስፌት አለበት፣ አኳሪየሙን ያበላሻል። ዕቃው ላይ ከሶዲየም ባይካርቦኔት ሌላ የተጻፈ ነገር ካለ ይመልሱት። የሕንጻ ኖራም በኖራ ውሃ ስም እንዳይገባ፤ ንጽሕናው አይታወቅም፣ ፒኤችንም በአንድ ጊዜ ያስፈነጥራል።

ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ መሆናቸው ብዙዎች እንደሚያስቡት ድል አይደለም። በሥጋው ውስጥ ያሉት አልጌዎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካላገኙ ኮራሉ ይገረጣል፤ ኬኤች 10 ሲደርስ ደግሞ የተራበው ሥጋ ጫፍና ጠርዙ ይቃጠላል። ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.05 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ እንዲሆኑ ዓሦቹን በቀን ሁለት ጊዜ ይመግቡ። ፎስፌት የሚስብ ማጣሪያ ካለ ያውጡት። መዶሻ ኮራሉን በሳምንት ሁለት ጊዜ በጥቃቅን ሽሪምፕ ቁራጭ መመገብ ይረዳዋል፤ ካልበላው ግን ቁራጩን አይተዉበት።

ሞንቲፖራው ላይ ድንበሩ በሳምንት ውስጥ ካልቆመ መቁረጥ ይሻላል። ከድንበሩ 1 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ጤነኛው ገብተው ይቁረጡ፣ ጤነኛውን ቁራጭ በጄል ሱፐር ግሉ ትንሽ ድንጋይ ላይ ያጣብቁና ጥላ ያለበት ቦታ ያኑሩት። መዶሻው ላይ የሚቆረጠው ሥጋ ከሌለበት አጽም ላይ ብቻ ነው። የተንጠለጠለ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ካለበት በፓይፕ ስበው ያውጡት፤ ወደ ጎረቤት ቅርንጫፎች ይተላለፋል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት በፍጹም እንዳይገባ፤ ኮራልና ሽሪምፕን ይገድላል፣ ከድንጋዩም ላይ በቀላሉ አይለቅም።

መብራቱን ለአራቱ ሳምንታት እንዳለ ይተዉት፤ በቀን 9 ሰዓት ይብቃው። አሁን እየበራ ያለውን መቶኛ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ። ወደፊት ከፍ ማድረግ ከፈለጉ በሳምንት ከ5 በመቶ በላይ አይሁን።

መብራት ሲጠፋ ቀዳሚው ነገር ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ ሁለተኛ ነው። በተለይ በደሴ ከፍታ ውሃው ከቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዓሣ አፉን ወደ ላይ ማድረግ ይጀምራል። በ12 ቮልት የሚሠራ 10 ዋት ፓምፕ ከ100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ጋር ቢያያዝ፣ ባትሪው ግማሹ ብቻ ጥቅም ላይ ውሎ ወደ 60 ሰዓት ያንቀሳቅሳል። ያንኑ ባትሪ ለሁለቱ ሂተሮች ከሰጡት በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ስለዚህ ሂተር በባትሪ አይሞከር። ቅዝቃዜው ከበረታ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ በ60 ዲግሪ ውሃ ሞልተው፣ በደንብ ዘግተው ያንሳፉ፤ አንዱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይመልሳል። መብራት ሲመለስ የቮልቴጅ መንፈርፈር ስላለ መሣሪያዎቹ በስታቢላይዘር በኩል ይሁኑ። እያንዳንዱ ገመድም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይግባ፤ የጨው ውሃ ጠብታ በገመዱ ተንሸራቶ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

ማፍላት ስለለመዱ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ልስጥዎ። ዞአንቲድ የያዘ ድንጋይ ለማጽዳት ብለው በፍጹም አያፍሉ፣ የፈላ ውሃም አያፍስሱበት። አንዳንዶቹ ዞአንቲዶች ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው፤ እንፋሎቱ የቤቱን ሰው በሙሉ ሆስፒታል ያስገባል። ሲቆርጧቸውም ጓንትና የዓይን መከለያ ያድርጉ፤ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ አይንኳቸው። አኳሪየሙ ባለበት ክፍል የበረሮና የትንኝ መድኃኒትም አይነፋ።

እስከዚያው አዲስ ኮራል አይጨምሩ። ኬኤች ሦስት ወር ሙሉ በ7.5 እና በ8.5 መካከል ከቆየልዎ ሌላ ሞንቲፖራ ይጨምሩ፤ አክሮፖራን ግን ከዚያ በኋላም ቢሆን ማጣሪያው፣ ሂተሩና ባትሪው ሁሉም ካልተሟሉ አልመክርም። ከጂቡቲ በሚመላለሱ መኪኖች ኮራል ማስመጣት የሚያስቡ ካሉ፣ ጠንካራ ኮራሎች ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያም ጂቡቲም የስምምነቱ አባል ናቸው፤ የወጪ ፈቃድ የሌለውን ኮራል ድንበር ማሻገር ሕገ ወጥ ነው። ከሌላ አርቢ አኳሪየም የተቆረጠ ቁራጭ ይውሰዱ፤ ከአኳሪየም ኑሮ ጋር የተለማመደ ስለሆነ የመኖር ዕድሉም ከባሕር ከተነቀለው ይበልጣል።